ከውኃ በታች ያለው ብረት

(በተመራቂዎች ማኅበር መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው "አሥራ አምስት ደቂቃ የሆነ ነገር ተናገሪልን" ሲሉኝ፣ ስለ ምን ብዬ ጠየቅሁ። "ስለ ሙያሽ፣ ስለ ልምድሽ፣ ብቻ ደስ ያለሽን" አሉኝ። ደስ ያለሽን ካላችሁማ ስለ ጀልባ ልናገር ነው። አዎ፣ ስለ ጀልባ። ከኋላ ተቀምጣችሁ የምትስቁትን አያችኋለሁ፤ ያኔም የምትቀመጡት ከኋላ ነበር።

ስለ ጀልባ ስል ደግሞ ስለ መላው ጀልባ አይደለም። ርዝመቱ አንድ ክንድ ስለማይሞላ፣ ከውኃ በታች ስለሚውል፣ ማንም ስለማያየው አንድ ብረት ነው የምነግራችሁ።

ጎንደር የተማረ ሰው አገሩን ሲያስብ ደጋ ደጋውን ነው የሚያስበው። ግንቡን፣ ፒያሳን፣ የዳባትንና የደባርቅን ብርድ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የስሜንን ተራራ። ትምህርት ቤታችንን የወለደው ግን ታች ያለው ሜዳ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ከጣና በስተሰሜን ባለው ደንቢያ የገባው የወባ ወረርሽኝ 7,000 የሚገመት ሕዝብ ፈጀ። በ1947 ዓ.ም. የጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን በአንድ ላይ የሚያሠለጥነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጎንደር ላይ ተከፈተ። የሕክምና ፋኩልቲው የመጣው በ1970ዎቹ መግቢያ ላይ፣ ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ነው። እኛ ደግሞ "የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ" ብለን ገብተን፣ በ1996 ዓ.ም. "ጎንደር ዩኒቨርሲቲ" ሲባል ወጣን። ስሙ ቢለዋወጥም ቡድን ሆኖ ገጠር መውረዱ አልቀረልንም። ቆላ ድባ የወረዳችሁ ታስታውሳላችሁ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነን፣ በአንድ ፋኖስ፣ በአንድ ድስት። ገና ተማሪ ሳለን ነው ከሐይቁ ጋር የተዋወቅነው፤ እሑድ እሑድ ጎርጎራ ወርደን ዓሣ ስንበላ።

ደጋውና ሐይቁ የማይተዋወቁ ይመስለናል እንጂ ጎረቤት ናቸው። እዚህ ጎንደር ከፍታው ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፤ ጣና 1,800 ሜትር ገደማ። በክረምት እዚህ ላይ የሚዘንበው ዝናብ አፈሩንና ግንዱን ይዞ በመገጭና በድርማ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ሰኔ ላይ ዝቅ ብሎ የነበረው ጣና መስከረም ላይ ሞልቶ ይታያል። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከተመረቅን ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ፣ በሐይቁ ምዕራባዊ ዳር ያሉ መንደሮችን በጀልባ እየዞረ የሚያክም አንድ ቡድን ውስጥ ሠርቻለሁ። መነሻችን ጎርጎራ ነው፤ መድረሻችን በደልጊ አቅጣጫ ያሉ የዳር ቀበሌዎች። "መኪና የለም ወይ?" ትሉ ይሆናል። በበጋ አለ። በክረምት ግን የደንቢያን መረሬ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መኪና ሳይሆን በቅሎም ይውጣል።

ጀልባችን አሮጌ ነበረች። አሥር ሜትር ገደማ የምትሆን፣ የብረት ሆድ ያላት፣ በናፍጣ የምትሠራ፣ በኪራይ የምንይዛት። ባለቤቷን አላነሣም፤ ጥፋቱ የአንድ ሰው ስላልነበረ። እንዲያውም አብዛኛው የእኔ ነው።

እስቲ የጀልባ መሪ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ሐኪሞች ስለሆናችሁ አናቶሚ ሳልነግር ወደ በሽታው መሄድ ነውር ነው። መኪና የሚታጠፈው በፊት ጎማው ነው። ጀልባ ግን የሚመራው ከኋላ ነው። ከፕሮፔለሩ በስተኋላ፣ ውኃው ውስጥ፣ እንደ በር የቆመ ወፍራም ላሜራ አለ። ነጂው ሲያዞረው ከፕሮፔለሩ የሚወጣውን ውኃ ወደ አንድ ጎን ይገፋል፣ የጀልባዋም ኋላ ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል። ላሜራው በአንድ የብረት ዘንግ ላይ የተሠራ ነው። ዘንጉ ከላይ በጀልባዋ ወለል አልፎ ከነጂው መሪ ጋር ይያያዛል። ከታች ደግሞ ከጀልባዋ ሆድ ሥር ወደ ኋላ የወጣ ብረት አለ፤ የዘንጉ ጫፍ እዚያ ላይ ባለው ቀዳዳ፣ በነሐስ ቡሽንግ ውስጥ ያርፋል። የመሪውን ክብደት የሚሸከመው፣ ማዕበል ሲመታው የሚችለው እሱ ነው። በኋላ የጠገነልን ባለሙያ "ተረከዙ" ይለው ነበር። እኔም እንዲያው ተረከዝ ልበለው።

የቤታችሁን በር አስቡ። የላይኛው ማጠፊያ ዓይናችሁ ፊት ነው። የታችኛውን የሚያየው የለም። የታችኛው ሲነቀል ግን በሩ ይዘማል፣ ወለሉን ይፍቃል፣ ጥቂት ሰንብቶ የላይኛውንም ይዞት ይወድቃል።

ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ውኃው ዝቅ ባለበት ሰሞን፣ ጀልባዋ ወደ ዳር ስትጠጋ ተረከዟ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። እኔ ውስጧ ነበርኩ። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ድስት ከምድጃ ጋር ሲነካካ የሚሰማው ዓይነት። በሁለተኛው ቀን አንድ በያጅ መጣ፣ ኋላዋን በድንጋይ ከፍ አድርገው ከሰዓት በኋላ በየዱት፣ ማምሻውን ውኃ ገባች። ሁላችንም ደስ አለን። "በአንድ ቀን አለቀ!" ብዬ ያመሰገንኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ነጂው ሦስት ጊዜ ነገረኝ። መጀመሪያ ሰኔ ላይ፣ "ዶክተር፣ መሪው ወደ ግራ ይስባል" አለኝ። "ይሄዳል አይደል?" አልኩት። "መሄዱንስ ይሄዳል።" ሐምሌ ላይ፣ "ዶክተር፣ ወደ ቀኝ ሲዞር እንደ መንቀጥቀጥ ይላል" አለኝ። "ይቺን ዙር እንጨርስና እናሳያለን" አልኩት። ነሐሴ መግቢያ ላይ፣ "ዶክተር፣ ከሥር ድምፅ አለው፤ አልወደድኩትም" አለኝ። ክትባቱ ሊያልቅ ሁለት ቀበሌ ቀርቶን ነበር። ምን እንዳልኩት አላስታውስም። ምንም ያልኩት አይመስለኝም።

እንግዲህ አስቡት። አንዲት ታማሚ በሦስት ወር ሦስት ጊዜ መጥታ፣ ያውም በየጊዜው እየባሰባት፣ "እዚህ ጋ ያመኛል" ብትለኝ ምን አደርግ ነበር? ካርዷን አወጣለሁ፣ እጽፋለሁ፣ እመረምራለሁ፣ ካቃተኝ እልካለሁ። የነጂውን ቃል ግን የትም አልጻፍኩትም። የተማረ ሰው ቃል ስላልመሰለኝ ይሆን? ይህን ጥያቄ እስካሁን አልመለስኩትም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ሥራችንን ጨርሰን ልንመለስ ስንል፣ አንዲት ሴት በቃሬዛ ወደ ዳር አመጡልን። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ። ፌቶስኮፑን ሆዷ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ፤ የልጁ ልብ ይመታል። ቶሎ ቶሎ ነው፣ ግን ይመታል። መኪና ጎርጎራ ይጠብቀናል፤ ከጎርጎራ ጎንደር 60 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በጀልባ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በመኪና ሁለት ሰዓት፤ ይደረሳል አልኩ። ባሏና እናቷ አብረው ተሳፈሩ።

የጣና ሰዎች ከሰዓት በኋላ ረጅም መንገድ አይወዱም፤ ነፋሱ የሚነሣው ያኔ ነው። እኛ የተነሣነው በዘጠኝ ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን ማዕበሉ ኋላዋን ከፍ ዝቅ ሲያደርጋት አንድ ድምፅ ሰማን። ያ የግንቦቱ ዓይነት ትንሽ ድምፅ አልነበረም። ከዚያ ጀልባዋ ወደ ግራ መዞር ጀመረች። ነጂው ወደ ቀኝ ቢያዞር ምንም የለም። ተረከዙ ተሰብሮ መሪው በላይኛው ማጠፊያ ብቻ ተንጠልጥሎ፣ ጠሞ ቀርቷል። ሞተሩ እየሠራ፣ እኛ ባለንበት እንዞራለን።

ነጂው ሞተሩን አጠፋ፤ ፕሮፔለሩ መሪውን እንዳይመታው። ከወለሉ አንድ ሳንቃ ነቅሎ፣ በገመድ ከኋላዋ አስሮ፣ እሱና የሴቲቱ ባል እየተጋገዙ እንደ መቅዘፊያ መሪ አደረጉት። ሞተሩን ቀስ ብሎ መልሶ አስነሣ። እንዲያ እያልን፣ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እየተወላገድን፣ ጎርጎራ የደረስነው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። እኔ ግሉኮሱን በእጄ ይዤ ነበር። በየሩብ ሰዓቱ አዳምጣለሁ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ስሰማ ዘገየ። ከዚያ በኋላ የሞተሩን ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት።

እናቲቱ ጎንደር ደርሳ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ጀልባዋ ባትሰበር ይተርፍ ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ማንም ሐኪም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። የማውቀው ይህን ነው፦ ስንነሣ የልጁ ልብ ይመታ ነበር፤ ስንደርስ አልነበረም። ቤተሰቡ "የእግዜር ሥራ ነው" አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ለአንድ ሐኪም የማይገባ ዝምታ ነበር።

መስከረም ላይ ውኃው ሞልቶ ስለነበር ጀልባዋን እስከ ሣሩ ድረስ ማስጠጋት ተቻለ። ከዚያ የባሕር ዛፍ ግንድ ከሥሯ እየረበረቡ ሃያ ሰው በገመድ ጎተታት። ከጎንደር አንድ አዛውንት ባለሙያ መጡ፤ ሁላችንም "ጋሼ" እንላቸዋለን። ያን ሳምንት ፈቃድ ነበረኝና ጎርጎራ ወርጄ አየሁ። ለምን እንደሄድኩ ለራሴም አልገባኝም ነበር። የእጅ ባትሪ ያዥ ሆኜ ዋልኩ።

ጋሼ ብየዳውን አልጀመሩም። መጀመሪያ የባትሪውን ሽቦ አስፈቱ፣ የናፍጣውን ጋን አስወርደው ወለሉን በሳሙና አሳጠቡ፤ ብልጭታ እንዳይቃጠል። ከዚያ መሪውን በክሪክ ደግፈው አወረዱት። የተሰበረውን ቦታ በሽቦ ብሩሽ አሽተው "እዪ ልጄ" አሉኝ። ስብራቱ ሁለት ዓይነት ቀለም አለው። ግማሹ ጠቁሮ ዝጓል፤ ግማሹ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። "ጥቁሩ የግንቦት ነው። ውኃ እየጠጣ ከርሟል። የሚያበራው ነሐሴ የተሰበረው ነው። በአንድ ቀን አልተሰበረም፤ ሦስት ወር ሙሉ ሲሰበር ነበር።"

እኔ ይህን ባየሁ ጊዜ ተቀመጥኩ። ሲነገረኝ የከረመው ይኸው ነበር።

ቀጥለው ጀልባዋን በውኃ ልክ አስተካክለው፣ ከላይኛው ቀዳዳ መሀል ቱምቢ ለቀቁ። ዘንጉ ቀጥ ብሎ የሚቆም ስለሆነ ቱምቢው ከታችኛው ቀዳዳ መሀል መውረድ ነበረበት። ሁለት ጣት ያህል ወደ ጎን ወረደ። የበሽታው ምክንያት እዚህ ነው። ድንጋዩ ተረከዙን ሲሰነጥቀው አጣሞታልም። የግንቦቱ በያጅ ስንጥቁን ደፈነ፣ ጥመቱን ግን አላቀናም። ስለዚህ መሪው በዞረ ቁጥር ዘንጉ የጠመመውን ብረት ይገፋል፤ ያም ብየዳው ጎን ባለው ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። "ወደ ግራ ይስባል" ያለው ነጂ ትክክል ነበር።

"ጋሼ፣ በአንድ ቀን አያልቅም?" አልኳቸው። ሳቁ። "ወጌሻ እንኳ አጥንት ሳያገጣጥም አያስርም። አንቺ ታስሪያለሽ እንዴ?"

ሥራው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። የተጎዳውን ክፍል በመጋዝ ቆረጡት። ስንጥቁ ወደ ደህናው ብረት ትንሽ ገብቶ ስለነበር፣ ባለቀበት ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በሱ፤ ስንጥቅ ክብ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ዘንጉ ጎንደር ቶርኖ ቤት ሄዶ ሲሽከረከር ትንሽ መጉበጡ ታወቀና ቀና። አዲስ የነሐስ ቡሽንግም እዚያው ተሠራ። "ቡሽንጉ ዘንጉን ማነቅ የለበትም፤ ወረቀት የምታህል ክፍተት ትኑረው" አሉ። ለተረከዙ ወፍራም ብረት ተቆረጠ፤ ብየዳው እስከ ውስጥ እንዲገባ ጠርዙ በሰያፍ ተሞረደ።

ከሁሉ የገረመኝ ብየዳው ነው። ከመበየዳቸው በፊት የቀናውን ዘንግ ከላይ እስከ ታች አስገብተው አዲሱን ተረከዝ በእሱ ልክ አሰሩት። ሙቀት ብረትን ወደ ራሱ ይጎትታል። ስለዚህ በግራ አንድ ጣት በየዱ፣ ቆሙ፣ በቀኝ አንድ ጣት በየዱ፣ ቆሙ። በየመሀሉ ዘንጉን በእጃቸው ያዞራሉ። ከበድ ካለ ይጠብቃሉ። የብየዳውን የመሬት ሽቦ ደግሞ ከሥራው አጠገብ አሰሩት፤ ኮረንቲው በቡሽንጉ በኩል አልፎ እንዳያበላሸው። በመጨረሻ ከግራና ከቀኝ ደጋፊ ላሜራ አከሉ፣ ጸረ ዝገት ቀቡ።

በዘጠነኛው ቀን መሪውን በአንድ ጣቴ አዙሪ አሉኝ። አዞርኩት። ዞረ። ውኃ ከገባች በኋላ ነጂው እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ እያዞረ ሞከራት። ምን እንዳለ ልንገራችሁ? "አሁን ዝም አለች" ነው ያለው።

ጋሼ ሲሄዱ አንድ ነገር ነገሩኝ። ወደ ዳሩ ታንኳ እየጠቆሙ፣ "ይቺ ደንገል ናት። ውኃ ሲገባት ትከብዳለች፣ ባለቤቷ ያያታል፣ ይጥላትና ሌላ ይሠራል። ብረት ግን ተንኮለኛ ነው። እስኪሰበር ድረስ ደህና ይመስላል።"

ኅዳር ላይ ወደዚያው ቀበሌ ተመለስን። የሴቲቱን ባል ፈልጌ አገኘሁት። ነጂው ሦስት ጊዜ እንደነገረኝ፣ እኔ እንዳላሰራሁት፣ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ብዙ ዝም ካለ በኋላ "አሁንስ ተሠራ?" አለኝ። "ተሠራ" አልኩት። "እንግዲያስ ሌላዋ ትሻገራለች" አለና ወደ ከብቶቹ ሄደ። እስከ ዛሬ ከሰማሁት ፍርድ ሁሉ ከባዱ እሱ ነው።

ጓደኞቼ፣ ይህን የተናገርኩት ልታዝኑልኝ አይደለም። ማኅበራችን በየዓመቱ ገንዘብ ያዋጣል፤ ዕቃም እንሰጣለን። ዕቃ ስንሰጥ ፎቶ እንነሣለን፣ ሪባን እንቆርጣለን። ከዓመት በኋላ ያው ዕቃ በላስቲክ ተሸፍኖ ኮሪደር ላይ ሲቆም ያላየ ሐኪም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ። የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በታዳጊ አገሮች ካሉት የሕክምና መሣሪያዎች 40 በመቶ ገደማው እንደማይሠሩ አስልቷል። ብዙዎቹን የሚያቆማቸው ትልቅ ነገር አይደለም፤ ፊውዝ፣ ቱቦ፣ ማጣሪያ፣ ወይም "ድምፅ አለው" ያለችውን የጽዳት ሠራተኛ ያልሰማ ሰው ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ ከምናዋጣው ከእያንዳንዱ 10 ብር 2 ብር ለጥገና ይቀመጥ፤ ለአዲስ ዕቃ ሳይሆን ላለው ዕቃ፣ ለመለዋወጫውና ለባለሙያው አበል። ፎቶ የማይወጣው ገንዘብ ነው፤ ይሁን። ሁለተኛ፣ የምንሰጠው ዕቃ ሁሉ አንድ ደብተር ይዞ ይሂድ። ደብተሩ ላይ ሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ሾፌሩ፣ ዘበኛው፣ ተላላኪዋ "ይህ ነገር ልክ አይደለም" ብለው ያስጽፉ። ጆሮ የሰጠ ኃላፊም ስሙን ይፈርምበት። አባቶቻችን "ሳይቃጠል በቅጠል" ያሉትን በየግድግዳው ለጥፈናል፤ ቅጠሉን የሚያቀብለውን ሰው ግን ብዙ ጊዜ አንሰማውም።

ነገ ለጉብኝት ጎርጎራ ለመውረድ የተመዘገባችሁ ብዙ ናችሁ። ደብረ ሲና ማርያምን እናያለን፣ ዓሣ እንበላለን፣ ጀልባም እንሳፈራለን። ከመሳፈራችሁ በፊት ነጂውን "መሪው እንዴት ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። ጠይቃችሁም አትለፉት፤ መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙት።